ስክሪኑ «ማን ልበል?» ሲባል ዝም ካለ

ሊኑክስ አዲስ ተጭኖ ሪዞሉሽኑ (ወደ ስክሪኑ የሚላከው የነጥብ ብዛት) ሲሳሳት ቀድሞ የሚያሳብቀው ፊደላችን ነው። የላቲን ፊደል ትንሽ ቢደበዝዝም ይነበባል፤ ዓይን ይለምደዋል። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱን የሚሸከመው በትንንሽ ጭረትና ቀለበት ነው። ሊ ከሌ፣ ቢ ከቤ፣ ኒ ከኔ የሚለየው እግሩ ሥር ባለች አንዲት ቀለበት ነው። ቀለበቷ ከተደፈነች አንባቢው ቃሉን ከዐረፍተ ነገሩ መገመት ይጀምራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓይኑ ይደክማል፤ ጥፋቱን ግን ለዓይኑ ይሰጣል እንጂ ለስክሪኑ አይሰጥም። በጣና ደሴቶች ገዳማት የተቀመጡትን የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው ጸሐፊው በመቃ ብዕር የሠራት ያቺ ቀለበት ከስንት ዘመን በኋላም ክፍት እንደሆነች ያውቃል። ዛሬ በስክሪን ላይ የምናነበው አማርኛ ከዚያ ያነሰ ሊሆን አይገባም። ሪዞሉሽንን የጌጥ ጉዳይ አድርጌ የማላየውም ለዚህ ነው።

የመደብዘዙ ምክንያት ግልጽ ነው። የኤልሲዲ ስክሪን የነጥቦቹ ብዛት ከፋብሪካ ሲወጣ ተወስኖ ያለቀ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊም ሆነ ፔዳ ግቢ ባለ ተማሪ እጅ የሚገባው ያገለገለ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ወርዱ 1366፣ ቁመቱ 768 ነጥብ ነው። ኮምፒውተሩ 1024 በ 768 ከላከለት ቁመቱ ይገጥማል፣ ወርዱ ግን አይሞላም። ስለዚህ ስክሪኑ እያንዳንዱን 3 ነጥብ ወደ 4 ይለጥጣል፤ የጎደለውንም ከጎረቤት ነጥቦች ቀለም አደባልቆ ይሞላል። ክቡ ሞላላ ይሆናል፣ ጥቁሩ ጭረት ግራጫ ጠርዝ ያወጣል፣ ቀለበቷም ትደፈናለች። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፦ ስክሪኑ የራሱን የነጥብ ብዛት በትክክል እንዲላክለት ማድረግ።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ያንን ቁጥር ከየት ያውቃል? ከስክሪኑ ከራሱ ነው። ስልክ ስናነሳ «ማን ልበል?» እንደምንለው ሁሉ፣ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ገመዱ እንደተሰካ ስክሪኑን ማንነቱን ይጠይቀዋል። ስክሪኑ ኢዲአይዲ የሚባል አጭር መታወቂያ ይልካል። መሠረታዊው ክፍል 128 ባይት ብቻ ነው፤ የአምራቹን ምልክት፣ የስክሪኑን ስፋት በሴንቲ ሜትር፣ የሚችላቸውን ሪዞሉሽኖችና የሚመርጠውን ይዟል። በቪጂኤ ገመድ ይህ ወሬ የሚያልፈው በፒን 12 እና 15 ነው፤ በኤችዲኤምአይ ደግሞ በፒን 15 እና 16። ሥዕሉ የሚሄድበት ሽቦ ሌላ፣ መታወቂያው የሚሄድበት ሽቦ ሌላ መሆኑን ልብ ይበሉ። ቀለሙ ሁሉ ጥርት ብሎ እየታየ ሪዞሉሽኑ ብቻ ሊሳሳት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። መልስ ሲጠፋ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ከማንኛውም ሞኒተር ጋር ይግባባል ብሎ እስከ 1024 በ 768 ያሉትን ብቻ ያቀርባል። ማንነቱን ላልተናገረ ስክሪን ከዚያ በላይ አያምንም።

እንግዲህ ችግሩ ያለው ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው። ወይ ጠያቂው የለም፣ ማለትም ትክክለኛው ድራይቨር አልሠራም፤ ወይ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቷል፣ ማለትም ገመዱ፣ ኮንቨርተሩ ወይም ሞኒተሩ ላይ ችግር አለ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚደክመው ይህን ሳይለይ ያገኘውን ትዕዛዝ ሁሉ ስለሚገለብጥ ነው። ለገመድ በሽታ የድራይቨር መድኃኒት ሲሰጥ ውሎ፣ መጨረሻ ላይ ሊኑክሱን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፤ ችግሩ ግን እዚያው ይጠብቀዋል።

መለያው አንድ ትዕዛዝ ነው። ተርሚናል ይክፈቱና ኤክስራንድአር (xrandr) ብለው ብቻውን ይጻፉ። እዚህ በድምፃቸው የጻፍኳቸው ትዕዛዞች ሁሉ ተርሚናል ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደል ይጻፋሉ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ ተርሚናሉ ትዕዛዙን አያውቀውም፤ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ በሆነው በኡቡንቱ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ሲጫኑ ቋንቋው ይቀየራል። የይለፍ ቃል ሲጻፍ ፊደሉ ስለማይታይ ይህ ስሕተት ብዙ ሰው ያደናግራል።

የሚመጣው ዝርዝር ላይ ከአንዱ ሪዞሉሽን ጎን ኮከብ፣ ከአንዱ ጎን የመደመር ምልክት ይታያል። ኮከቡ አሁን ያለበት ነው፣ መደመሩ ስክሪኑ የመረጠው። ሁለቱ ከተለያዩ ችግር የለም፤ ሴቲንግስ ውስጥ ዲስፕሌይ ገብቶ መምረጥ ብቻ ነው። የስክሪኑ ስም «ዲፎልት» ወይም «አንኖውን» ተብሎ አንድ ሪዞሉሽን ብቻ ከተዘረዘረ ጠያቂው የለም ማለት ነው፤ ወደ ድራይቨር ይሂዱ። ስሙ በትክክል ቪጂኤ 1 ወይም ኤችዲኤምአይ 1 ተብሎ ዝርዝሩ 1024 በ 768 ላይ ከቆመ ግን መልሱ ጠፍቷል፤ ወደ ገመዱ ይሂዱ።

በድራይቨር ልጀምር፤ አዲስ ተከላ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ይኸኛው ነውና። ከፍላሽ ሲጫን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ያስቸገራቸው ሰዎች «ሴፍ ግራፊክስ» የሚለውን ምርጫ ይወስዳሉ። ያ ምርጫ ለከርነሉ ኖሞድሴት (nomodeset) የሚል ቃል ያቀብለዋል፤ ትርጉሙ «የካርዱን እውነተኛ ድራይቨር አትንካ፣ ባዮስ በሰጠህ ሥዕል ተብቃቃ» ነው። ለመጫኛ ሰዓት ጥሩ ነው። ችግሩ ቃሉ ከተከላው በኋላም ተጽፎ መቅረቱ ነው። መኖሩን ለማየት ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ሲኤምዲላይን የተባለ ፋይል በካት ትዕዛዝ ያንብቡ (cat /proc/cmdline)፤ አንድ መስመር ነው። ኖሞድሴት እዚያ ካለ ሌላ ምንም አይፈልጉ።

ለዘለቄታው ከመሰረዝ በፊት ለአንድ ጊዜ ብቻ መሞከር ይሻላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኢስኬፕ (በአሮጌ ባዮስ ሺፍት) ተጭነው የግራብን (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ዝርዝር ያውጡ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ኢ ይጫኑ፣ ሊኑክስ ብሎ የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልገው ኖሞድሴትን ያጥፉ፣ ከዚያ ኤፍ 10። በትክክለኛ ሪዞሉሽን ከተነሳ መፍትሔው ተገኝቷል። ጥቁር ሆኖ ከቀረም ጉዳት የለም፤ አጥፍተው ሲያበሩት እንደ ድሮው ይነሳል፣ ለውጡ ለአንድ ጊዜ ነበርና። ከተሳካ በኢቲሲ ውስጥ፣ በዲፎልት ሥር ያለውን ግራብ የተባለ ፋይል (/etc/default/grub) በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ከፍተው ቃሉን ከጥቅሱ ውስጥ ብቻ ያውጡ፤ ጥቅሱን አብረው እንዳያጠፉ። ቀጥሎ በኡቡንቱና በሚንት ሱዶ አፕዴት ሰረዝ ግራብ (sudo update-grub) ማለት ግድ ነው። ይህን የመጨረሻ ትዕዛዝ የዘለለ ሰው ፋይሉን አስተካክሎም ምንም ለውጥ አያይም።

ኖሞድሴት ከሌለ ካርዱ በየትኛው ድራይቨር እንደሚሠራ ይጠይቁ፦ ኤልኤስፒሲአይ ሰረዝ ኬ (lspci -k)። ቪጂኤ የሚለው መስመር ሥር «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል ይፈልጉ። ለኢንቴል አይ915 (በቅርብ ለወጡት ኤክስኢ)፣ ለኤኤምዲ ኤኤምዲጂፒዩ ወይም ለአሮጌዎቹ ራዲዮን፣ ለኤንቪዲያ ኑቮ ወይም ኤንቪዲያ መሆን አለበት። ኢንቴል ከሆነ ከውጭ የሚወርድ ድራይቨር የለም፤ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል፤ አንዳንዴ የሚያስፈልገው ከርነሉን ማደስ ብቻ ነው። ኤኤምዲ ላይ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ፈርምዌር (ካርዱ ላይ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም) ነው፤ በተለይ ከ2023 በፊት የወጡት ዴቢያኖች ክፍት ያልሆነ ፈርምዌርን ከመጫኛው ጋር አያቀርቡም ነበር፤ ከዴቢያን 12 ጀምሮ ግን አብሮ ይመጣል። ኤንቪዲያ በኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» ከሚለው ገጽ ይጫናል። የሚወርደው በመቶዎች ሜጋባይት ስለሆነ ዋይፋይ ካልተገኘ ስልኩን በዩኤስቢ ሰክቶ ቴተሪንግ ማድረግ ያስኬዳል፤ ሊኑክስ ያለ ምንም ጭነት ያውቀዋል። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ) ከበራ ሲጫን የይለፍ ቃል ያስመርጣል፤ በሚቀጥለው ሪስታርት የሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ «ኢንሮል ሞክ» ብለው ያንኑ ቃል ማስገባት አለብዎት። ያንን ገጽ ሳያነቡ ኮንቲኒው ብለው ካለፉት ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራም።

አሁን ወደ ገመዱ። እዚህ ባሕር ዳር ያገለገሉ ዴስክቶፖች ዲስፕሌይፖርት ወይም ኤችዲኤምአይ ይዘው ይመጣሉ፤ ቤት ያለው ሞኒተር ደግሞ ቪጂኤ ነው፤ መሐል ላይ ርካሽ ኮንቨርተር ይገባል። ጥሩ ኮንቨርተር የሞኒተሩን መታወቂያ ተቀብሎ ያሻግራል። መጥፎው ዝም ይላል፣ ወይም የራሱን የሐሰት መታወቂያ ይሰጣል፤ ለ17 ኢንች ሞኒተር «1920 በ 1080 እችላለሁ» ይላል፤ ሞኒተሩም «አውት ኦፍ ሬንጅ» ብሎ ይጨልማል።

መታወቂያው መድረስ አለመድረሱን በግምት ሳይሆን በቁጥር ማወቅ ይቻላል። ሲስ፣ ክላስ፣ ዲአርኤም በሚለው መንገድ (/sys/class/drm) ሲገቡ ለእያንዳንዱ መሰኪያ አንድ ፎልደር አለ፤ ስሙ ካርድ 0 ወይም ካርድ 1 ብሎ ጀምሮ በመሰኪያው ስም ያልቃል። በውስጡ ኢዲአይዲ የሚል ፋይል አለ። በኤልኤስ መጠኑን አይመኑ፤ ሁልጊዜ 0 ያሳያል። ደብሊውሲ ሰረዝ ሲ (wc -c) ብለው ያስቆጥሩት፤ 128 ወይም 256 ካለ መታወቂያው ደርሷል፤ 0 ካለ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቷል።

0 ከሆነ ትዕዛዝ ከመጻፍ በፊት እጅዎን ያንቀሳቅሱ። ገመዱን ሁለቱም ጫፍ ነቅለው ፒኖቹን በብርሃን ይዩ። ቪጂኤ ላይ ፒን 9 አለመኖሩ ጉድለት አይደለም፣ ብዙ ገመድ ያለሱ ይሠራል፤ 12 ወይም 15 የታጠፈ ወይም የተሰበረ ከሆነ ግን በሽታው ያ ነው። ሐይቅ ዳር ባሉ ክፍሎች፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ ለወራት ያልተነካ መሰኪያ ዝገት ሊይዝ ይችላል። ኃይሉን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው በ90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ አይሶፕሮፒል አልኮል በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፣ እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ደጋግመው ሰክተው ይንቀሉ። ከዚያ በሌላ ገመድ ይሞክሩ። ገመድ መቀየር አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ እኔ ሁልጊዜ ከሶፍትዌር በፊት የማስቀድመው እሱን ነው።

ሌላም የአካባቢያችን ምክንያት አለ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ። ባዮሱ ኃይል ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ ከተደረገ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ይነሳና ይጠይቃል፤ ሞኒተሩ ወይም ኃይል የሚፈልገው ስፕሊተር ገና አልበራም። «ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ተበላሸ» ለሚባለው ሁሉ መጀመሪያ ሞኒተሩን አብርቶ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ በቂ ሊሆን ይችላል።

ገመዱ ተቀይሮም መልስ ከሌለ፣ ወይም ሞኒተሩ አርጅቶ መታወቂያውን የያዘው ቺፕ ከሞተ፣ ያኔ እኛው ስለ ስክሪኑ እንመሰክርለታለን። ሲቪቲ (cvt) ብለው ወርድና ቁመቱን ይስጡት፤ ሲቪቲ 1920 1080 60 ሲባል «ሞድላይን» የሚል መስመር ይመልሳል። የመጀመሪያው ቁጥር 173.00 በሴኮንድ የሚላከው ነጥብ በሚሊዮን ነው። ቀጥሎ 1920 2048 2248 2576፣ ከዚያ 1080 1083 1088 1120 ይመጣል። የየቡድኑ የመጨረሻው ቁጥር ስክሪኑ ወደ መስመር መጀመሪያ የሚመለስበትን ጊዜ ጨምሮ ጠቅላላው ልክ ነው። 2576ን በ1120፣ ውጤቱን በ60 ቢያባዙት ወደ 173 ሚሊዮን ይመጣል። ለኤልሲዲ ይህ የመመለሻ ጊዜ ይበዛል፤ ሰረዝ አር ሲጨመርበት ቁጥሩ ወደ 138.50 ይወርዳል፣ ደካማ ገመድና ኮንቨርተርም ይቀለዋል።

ከዚያ ሦስት እርምጃ ነው። ኤክስራንድአር ሰረዝ ሰረዝ ኒውሞድ (xrandr --newmode) ብለው ከሞድላይን በኋላ ያለውን ሁሉ ይለጥፉ። ሁለተኛ፣ በአድሞድ (--addmode) ያንን ስም ለመሰኪያው ይስጡት። ሦስተኛ፣ በአውትፑትና በሞድ (--output፣ --mode) ያስነሱት። ሦስተኛውን ሲጽፉ መጨረሻው ላይ ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቧ (;) አድርገው ስሊፕ 15 (sleep 15)፣ እንደገና ያችኑ ምልክት፣ ከዚያ ያንኑ የኤክስራንድአር ትዕዛዝ በቀድሞው ሪዞሉሽን ይጨምሩ። ሞኒተሩ ቢጨልም ከ15 ሴኮንድ በኋላ በራሱ ይመለሳል። የሴቲንግስ ገጽ ካላረጋገጡት ራሱ ይመልሰዋል፤ ተርሚናል ግን አይመልስም። «ባድኔም» የሚል ስሕተት ከመጣ ያ ስም ቀድሞ ተመዝግቧል፣ ሌላ ስም ይስጡት። የኤንቪዲያ የራሱ ድራይቨር ደግሞ በዚህ መንገድ የተጨመረን ሞድ ብዙ ጊዜ አይቀበልም።

1366 በ 768 ለብቻው ጥቂት ቃል ይፈልጋል። ሲቪቲ ወርድን በ8 የሚካፈል ቁጥር ብቻ ያውቃል፤ 1366 ለ8 ሲካፈል 170.75 ነው። ስለዚህ 1368 ይሰጥዎታል፤ ሁለት ነጥብ ይተርፋል፤ ስክሪኑ ያችን ለማስገባት ሙሉውን መስመር ይጨምቃል፣ ፊደሉም እንደገና ይደበዝዛል። ሰው «ሪዞሉሽኑን አስተካክዬም ጥራት የለውም» የሚለው አንዱ እዚህ ጋ ነው። ለዚህ ስክሪን ሲቪቲን ትተው ደረጃውን የጠበቀውን ልክ በእጅ ይጻፉ፦ 85.50፣ ቀጥሎ 1366 1436 1579 1792፣ ቀጥሎ 768 771 774 798፣ መጨረሻው ፕላስ ኤችሲንክ ፕላስ ቪሲንክ። ስሙን እንደፈለጉ ይሰይሙት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ኤክስ ኦርግ ላይ ነው፤ ኤክስ ኦርግና ዌይላንድ መስኮቶችን ስክሪኑ ላይ የሚያሳዩ ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ናቸው። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ የሚነሳው በዌይላንድ ነው፤ እዚያ ኤክስራንድአር ያለውን ያሳያል እንጂ አዲስ አይጨምርም። እስከ 25.04 ባሉት እትሞች መግቢያው ገጽ ላይ ካለው ባለ ጥርስ መንኮራኩር ምልክት «ኡቡንቱ ኦን ኤክስ ኦርግ» መምረጥ ይቻላል፤ ከ25.10 ወዲህ ያ ምርጫ ተነሥቷል። ለዌይላንድ መፍትሔው ለከርነሉ መንገር ነው፦ ቅድም ያየነው ግራብ ፋይል ውስጥ፣ በጥቅሱ መሐል፣ ቪዲዮ እኩል ይሆናል ምልክት፣ የመሰኪያው ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ሪዞሉሽኑ፣ ኤት ምልክት፣ 60 (ለምሳሌ video=HDMI-A-1:1920x1080@60)። የመሰኪያውን ስም ከዚያው ዲአርኤም ፎልደር ይቅዱ፤ ኤክስራንድአር ኤችዲኤምአይ 1 የሚለውን ከርነሉ ኤችዲኤምአይ ኤ 1 ይለዋል። በአንዲት ኤ የተነሳ ቀን ሙሉ የሚደክም አለ። ሚንት ሲናሞንና ኤክስኤፍሲኢ የሚጠቀሙ ይህ አያሳስባቸውም፤ በተለመደው ሁኔታ ኤክስ ኦርግ ላይ ናቸው።

የኤክስራንድአር ለውጥ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል። ሦስቱን መስመሮች በራስዎ ሆም ፎልደር ውስጥ ነጥብ ኤክስፕሮፋይል (.xprofile) በሚባል ፋይል ማስቀመጥ ለእኔ ከሁሉ የተሻለ ነው። በኢቲሲ ሥር ባለው የኤክስ ኦርግ ፋይል ውስጥ መጻፍም ይቻላል፤ ግን እዚያ የተሳሳተ ቁጥር መላውን ማሽን ያጨልማል። ነጥብ ኤክስፕሮፋይል ቢሳሳት የሚጎዳው አንድ ተጠቃሚ ነው፤ ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ 3 ተጭነው በጽሑፍ ገጽ ገብተው ፋይሉን መሰረዝ ይችላሉ።

ሐይቁ ዳር ባሉ የስብሰባ አዳራሾች ላፕቶፕ ከፕሮጀክተር ጋር ሲገናኝ የሚታየው ድንጋጤ ደግሞ ብልሽት አይደለም። ፕሮጀክተሩ ብዙ ጊዜ 1024 በ 768 ወይም 1280 በ 800 ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥዕል እንዲያሳዩ ሲደረግ ላፕቶፑ ወደ ጋራ መጠናቸው ይወርዳል። በዊንዶውስ ቁልፍና ፒ «ጆይን» ቢመርጡ እያንዳንዱ በራሱ ልክ ይሠራል። ቴሌቪዥን ላይ የገጹ ጠርዝ ከተቆረጠ የቴሌቪዥኑን ሜኑ ከፍተው «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» ያድርጉ፤ ሊኑክሱን አይንኩ።

ተቃራኒውም ችግር አለ። 14 ኢንች ላይ 1920 በ 1080 ሲሆን በአንድ ኢንች 157 ነጥብ ያህል ይሰፍራል፤ አማርኛው ደቃቅ ይሆናል። ሰው ፊደሉን ለማተለቅ ሪዞሉሽኑን ይቀንሳል። ያንን አያድርጉ። ሪዞሉሽኑ በራሱ ልክ ይቆይ፤ የፊደሉን መጠን ብቻ ያሳድጉ፤ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ «ላርጅ ቴክስት» ሲበራ ጽሑፉ 1.25 እጥፍ ይሆናል።

ሁሉም ተስተካክሎ ቪጂኤ ላይ ፊደሉ አሁንም ከደበዘዘ አንድ ሥራ ቀርቷል። ቪጂኤ አናሎግ ስለሆነ ሞኒተሩ እያንዳንዱ ነጥብ የት ላይ እንደሚጀምር ራሱ መገመት አለበት፤ ባዶ ሰማያዊ ገጽ እያየ ሊገምት አይችልም። የጽሑፍ መጻፊያ ከፍተው ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር በ11 መጠን ሊሌ ቢቤ ኒኔ ሲሴ ሚሜ እያሉ ይሙሉት፤ ከዚያ ሞኒተሩ ላይ ያለውን አውቶ ቁልፍ ይጫኑ። ሥዕሉ ለጥቂት ሴኮንድ ይንቀጠቀጥና ይቆማል። አሁን ጠጋ ብለው የሌን ቀለበት ይዩ፤ መሐሏ ነጭ መሆን አለበት።